ጠዋት አልነሳም የሚል መኪና፦ ምርመራውና ጥገናው በባሕር ዳር አየር

በባሕር ዳር ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ሳምንታት የንጋቱ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል፤ ጣና ዳር ባሉ ግቢዎች ያደሩ መኪኖችም ጤዛ ለብሰው ይነጋባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር ሲሠራ የዋለ መኪና በዚህ ሰዓት ቁልፉ ሲዞር ያቃስታል፤ ተደጋግሞ ይሞከራል፤ አንዳንዴም ጭራሹን እምቢ ይላል። ባለመኪናው በብርዱ ማማረሩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ 8 ወይም 9 ዲግሪ ጤነኛ ሞተር የሚያስቸግር ብርድ አይደለም፤ በእንጅባራና በደብረ ታቦር ከዚህ በባሰ ቅዝቃዜ የሚያድሩ መኪኖች በየጠዋቱ ይነሣሉ። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ብርዱ ያጋለጠው፣ ቀድሞም የነበረ ድካም የት እንዳለ ከመጠየቅ ነው።

ምንም ነገር ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። «ጠዋት አልነሳም ይላል» በሚለው አንድ ቅሬታ ሥር ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ብልሽቶች አሉ። የመጀመሪያው ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ዕቃ) ሞተሩን በዝግታና በድካም ሲያዞር፣ ወይም «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲልና የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ሲደበዝዝ የሚታየው ሲሆን፣ ምክንያቱ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስ ነው። ሁለተኛው ሞተሪኖው እንደ ወትሮው በፍጥነት እያዞረ ሞተሩ ግን ሳይቀጣጠል ሲቀር ነው፤ ይህ የነዳጅ፣ የአየር፣ የካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ወይም የኮምፕሬሽን (ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ጉዳይ ነው። ይህን ሳይለዩ አዲስ ባትሪ የሚገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው በማግሥቱ ከዚያው ችግር ጋር ይገናኛሉ።

ለመካኒክ ሲያሳዩም አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ከቤት ተነድቶ ጋራዥ የደረሰ መኪና ሞቋል፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ የጠዋቱን ሕመም አያሳይም። መካኒኩ «ምንም የለበትም» ቢል አይፍረዱበት። የሚሻለው መኪናውን ማታ ወስዶ እዚያው ማሳደርና ጠዋት ማንም ቁልፍ ሳያዞር እንዲመረመር አደራ ማለት ነው።

ሞተሪኖው በዝግታ የሚያዞር ከሆነ ምርመራው ከባትሪው ይጀምራል። ጠዋት፣ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ያድርጉ። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ሊባል ይችላል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርገው ንባቡን ይከታተሉ፤ ሞተሪኖው እየሠራ ሳለ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ቁሞ ሳለ 12.6 እያሳየ በጭነት ጊዜ ወደ 8 የሚወድቅ ባትሪ ቻርጅ ቢደረግም አይመለስም፤ መቀየር አለበት። ባትሪን የሚጎዳው በዋናነት ሙቀት መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው የባሕር ዳር ሙቀት ኮፈን ሥር የሚቀመጠው ባትሪ ውኃው ይተናል፣ የውስጥ ሰሌዳዎቹም ያረጃሉ፤ ጉዳቱ ግን ጎልቶ የሚታየው ታኅሣሥ ላይ፣ የቀዘቀዘ ሞተር የበለጠ ኃይል ሲጠይቅ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ከበልግ በፊት የውኃውን ልክ አይተው ዲስቲልድ ውኃ ብቻ ይጨምሩ፤ የቧንቧም የሐይቅም ውኃ አይሆንም።

ባትሪው ደህና ሆኖ ከተገኘ ገመዶቹ ይቀጥላሉ፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚዘነጋው ቦታ ይህ ነው። በራሶቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ኔጌቲቩን ቀድመው፣ ፖዘቲቩን አስከትለው ይፍቱ፤ በሞቀ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ሲመልሱ ፖዘቲቩን ቀድመው ካሰሩ በኋላ በላዩ ቫዝሊን ይቀቡ። ላዩ ንጹሕ የሚመስል ገመድም ውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ፣ ቀዩን ጫፍ ደግሞ ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ይዘው ቁልፉን ያስዞሩ። ንባቡ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ ኃይሉ በመንገድ እየቀረ ነው ማለት ነው፤ ገመዱን መቀየር ወይም ከሞተሩ ጋር የታሰረበትን ብሎን ፈትቶ ዝገቱን መፋቅ ያስፈልጋል። በዚሁ መንገድ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ያለውንም ይለኩ። ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ዝግ ካለ ተጠርጣሪው ራሱ ሞተሪኖው ነው፤ ብዙ ጊዜ የካርቦን ብሩሾቹ አልቀው ይገኛሉ።

ባትሪው በየጠዋቱ ባዶ ሆኖ የሚገኝ ከሆነ የሚሞላው ዲናሞ መፈተሽ አለበት። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት ይኖርበታል። ዲናሞው ደህና ሆኖም ባትሪው ላይሞላ ይችላል፦ ከተማው የተቀራረበ በመሆኑ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ገበያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚነዳ መኪና ለማስነሳት ያወጣውን ኃይል ሳይተካ ይቆማል። በሳምንት አንድ ቀን እስከ ወረታ ደርሶ መመለስን የመሰለ ረዘም ያለ ጉዞ ወይም በቻርጀር መሙላት ይረዳዋል። በኋላ የተገጠሙ ማንቂያዎችና ቴፖችም ሌሊት ኃይል ይጠባሉ፤ መኪናው ተቆልፎ ካረፈ በኋላ የሚጠባው ከ50 ሚሊአምፒር እምብዛም መብለጥ የለበትም።

የዘይቱን ውፍረት በአጭሩ ልጥቀስ፦ የመኪናው መመሪያ 5ደብሊው-30 እያለ «ሞተሩ ያረጀ ነው» በሚል 20ደብሊው-50 የተሞላበት ሞተር በጠዋት ብርድ ለሞተሪኖው ከባድ ይሆናል።

ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ሞተሩ የማይቀጣጠል ከሆነ፣ ኢንጀክተር ባለው የቤንዚን መኪና ላይ አንድ ቀላል ሙከራ ይቀድማል። ቁልፉን መብራት እስኪበራ ብቻ ያዙሩና 2 ወይም 3 ሰከንድ ቆይተው ያጥፉ፤ ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገሙ በኋላ ያስነሱ። አሁን ወዲያው ከተነሳ፣ ማታ በመስመሩ ውስጥ መቅረት የነበረበት የነዳጅ ግፊት እየወረደ ነው፤ ምክንያቱ በታንከሩ ውስጥ ባለው ፓምፕ ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ ወይም የሚያፈስ ኢንጀክተር ነው። በአንዳንድ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ስለሆነ ይህ ሙከራ አያገለግልም። ኢንጀክተሩ የሚያፈስ ከሆነ ጠዋት የቤንዚን ሽታ ይኖራል፣ ሲነሳም ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ እንዲህ ሲሆን የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ መጨረሻ ረግጦ ማስነሳት በብዙ መኪኖች ላይ የነዳጁን መርጨት ያቆመውና ሞተሩ ይደርቃል።

ጠዋት ብቻ አስቸግሮ ከሞቀ በኋላ ፍጹም ጤነኛ የሚሆን መኪና ላይ የሞተር ውኃ ሙቀት ሴንሰርን ሳያዩ አይለፉ። የቀዘቀዘ ሞተር ወፈር ያለ የነዳጅ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ኮምፒዩተሩ ይህን የሚወስነው በዚህ ትንሽ ዕቃ ቃል ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ «ሞተሩ ሞቋል» የሚል መልእክት ከላከ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩም አይቀጣጠልም። በብዙ የጃፓን መኪኖች በ20 ዲግሪ 2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 200 እስከ 400 ኦም ገደማ ያሳያል። መመርመሪያ ማሽን ካለ ይበልጥ ይቀላል፦ ያደረ መኪና ላይ የሞተሩ ሙቀት ከውጩ አየር ሙቀት ጋር መቀራረብ አለበት። በዚያው አጋጣሚ ካንዴላዎቹን ያውጡ፤ የረጠበ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካለ ሁሉንም ይቀይሩ። ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ በተራ የሚያከፋፍል ዕቃ) ባላቸው የቆዩ መኪኖች ላይ ጤዛው ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ኮፈኑን በጨለማ ከፍተው ሲያስነሱ ከካንዴላ ገመዶቹ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ገመዶቹ ተሰንጥቀዋል።

የናፍጣ መኪና ካንዴላ ስለሌለው ፍለጋው ይለያል። ሲያስነሱት ነጭ ጭስ እያወጣ የሚንገዳገድና በተወሰነ ሲሊንደር ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁት ማሞቂያዎች ይፈተሹ፤ ከገመዱ የተለየ ጤነኛ ማሞቂያ በጥቅሉ ከ2 ኦም በታች ያሳያል፣ የተቃጠለው ግን እንደ ተቆረጠ ገመድ ምንም አያስተላልፍም። ምንም ጭስ ሳያወጣ ለረጅም ጊዜ የሚዞር ከሆነ ናፍጣ እየደረሰው አይደለም፤ በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ይጫኑ። ከዚያ በኋላ ወዲያው ከተነሳ ሌሊት በአንድ ቦታ አየር እየገባ ነው፣ ብዙ ጊዜም ያረጀ ጎማ መስመር ወይም ያልጠበቀ ማያያዣ ሆኖ ይገኛል። ከክረምቱ ዝናብ በኋላ በፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውኃም ያፍስሱ።

በዚህ መካከል የሚደረጉ አደገኛ አቋራጮች አሉ። ማሞቂያ ባለው የናፍጣ ሞተር አየር ማስገቢያ ላይ ቤንዚን ወይም ኤተር መርጨት ፒስተን ሊሰብር ይችላል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለውን መኪና በግፊ ለማስነሳት መሞከር ልፋት ብቻ ነው። ከሌላ መኪና ባትሪ ሲያስነሱ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ያገናኙ፤ የመጨረሻውን ጥቁር ጫፍ ግን ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይሰኩ፤ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልተገኘ ችግር ወደ ኮምፕሬሽን ያደርሳል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ይለካል፤ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ባለው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር ንባቡ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻ አልቋል፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ነገር ግን ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በመሆኑም መመሪያው 12 ባር የሚልለት ሞተር እዚህ ወደ 10 ባር ቢያሳይ፣ ሲሊንደሮቹም እርስ በርስ ከተቀራረቡ፣ ሞተሩን የሚያስፈታ ምክንያት የለም።