የካፉር ዛፍ ግቢ ውስጥ ሲያስቸግር

ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ረገፈ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የካፉር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ቅጠሉን የማያራግፍ ይመስላል። ያራግፋል እንጂ! በጸደይ አዲሱ ሊወጣ ሲል አሮጌው ይወርዳል። ጫፉ ላይ ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ካያችሁ ዛፉ ደህና ነው። መጥረጊያ አምጡ።

ለጋው ቅጠል ራሱ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ አፈሩ ኖራ በዝቶበት ዛፉ ብረት ወይም ማንጋኒዝ መሳብ አቅቶታል። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ። ኖራማ ከሆነ ለእንዲህ ያለ አፈር የተዘጋጀ የብረት ማዳበሪያ ስጡት። አመድ አታድርጉበት፤ ያባብሰዋል።

በአንድ በኩል ያለ ቅርንጫፍ ብቻውን ጠውልጎ ከደረቀ ከአፈር በሥር የሚገባ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የደረቀውን ቁረጡ፣ መጋዙን በአልኮል ጥረጉ፣ ውሃ እንዳይጠማው አድርጉ። መድኃኒት እሸጣለሁ የሚላችሁን አትመኑ፤ ለዚህ ፈውስ የለውም።

ትልቁ ራስ ምታት ሥሩ ነው። ወደ ላይኛው አፈር ተጠግቶ ስለሚሰራጭ የእግር መንገድ ንጣፍ ያነሳል፣ ፍሳሽ ቱቦም ይገባል። ቱቦ የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያው ቀድሞውንም ሲያፈስ ነው፤ ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ሥሩን ማስጠረግ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ቱቦውን አስጠግኑ። ከግንዱ አጠገብ ያለውን ወፍራም ሥር ግን እንዳትነኩ። ዛፉን የያዘው እሱ ነው፤ ከተቆረጠ ነፋስ ሲመጣ ቤት ላይ ሊወድቅ ይችላል። ንጣፉን ከፍ አድርጎ እንደገና መሥራት ይሻላል።

ዛፉን ቆርጣችሁ ከጉቶው ዙሪያ ቡቃያ ከፈላ አትገረሙ፤ ልማዱ ነው። ጉቶው እንደተቆረጠ ወዲያው የጉቶ ማድረቂያ ካልተቀባ፣ ወይም ካልተነቀለ፣ በየጊዜው ታጭዳላችሁ።

ሳትዘሩት የሚበቅለው ችግኝስ? ጥቁሯን ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ይበትናሉ። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ አረም ሆኖ ያስቸገረው በዚህ መንገድ ነው። ቅጠሉን ጨመቅ አድርጋችሁ አሽትቱ፣ የካፉር ሽታ ካለው ገና በእጅ ሲነቀል ንቀሉት። ልጆች ግን ፍሬውንም ቅጠሉንም አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ፤ ካፉር ሲዋጥ መርዝ ነው።