ትከሻው ወልቆ ለሚያውቅ ሰው

ትከሻችሁ አንዴ ወልቆ ከተመለሰ በኋላ «አሁን ሊወጣ ነው» የሚል ስሜት ይመጣባችኋል? ክርናችሁን ጠብቁት። ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው። የሚያወጣውም እጅ ወደ ጎን ተነስቶ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ ነው፤ ድንጋይ ልትወረውሩ ስትሉ እንደሚሆነው። መኪና ውስጥ ፊት ተቀምጦ ከኋላ ወንበር ቦርሳ መሳብም ያው ነው። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። ወርዳችሁ አንሱት እንጂ! ክርናችሁ ሁሌም በዓይናችሁ ጥግ ይታያችሁ።

የትከሻ ጉድጓድ ጥልቀት የለውም። ጥልቀት የሚጨምርለት ዙሪያውን የከበበው ላብረም የሚባለው ቀለበት ነው። ትከሻ ሲወልቅ ብዙ ጊዜ እሱም ይቀደዳል። እንቅስቃሴ መሥራት ቅዳዱን አይጠግነውም፤ የጠነከረ ጡንቻ ግን የክንድ አጥንቱን ራስ ጉድጓዱ መሃል ላይ ይይዘዋል።

ፊዚዮቴራፒስታችሁ ከፈቀደ ይቺን ሞክሩ። የተጠቀለለ ፎጣ በክርናችሁና በጎናችሁ መሃል አድርጉ። ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ በእጃችሁ ጀርባ ግድግዳውን ቀስ ብላችሁ ግፉ። 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ። ካመማችሁ ግፊቱን ቀንሱ።

ድንገት እንደገና ከወለቀ ማንም እንዳይጎትተው። በተለይ እጃችሁ ከደነዘዘ ቀጥታ ሐኪም ጋ።