ፕሮግራሙ «አይ» ሲባል «አዎ» የሚሰማ ከሆነ

ምልክቱ፦ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) የተጻፈው ፕሮግራም «መዝገቡ ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚው «አይ» ይላል፤ መዝገቡ ይጠፋል። የስህተት መልእክት የለም። «ኮምፒውተሩ አብዷል» የሚለኝ ጀማሪ ሁሉ የሚያሳየኝ መስመር ይህ ነው (ቁልፍ ቃላቱን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኢፍ፣ if፣ «ከሆነ»፣ ኦር፣ or፣ «ወይም» ማለት ነው)፦

ኢፍ መልስ == "አዎ" ኦር "እሺ":

ምክንያቱ፦ ፓይተን ከኦር በፊት እኩልነቱን (==) ያሰላል። ስለዚህ በኦር ግራ «መልስ == "አዎ"» የሚለው ጥያቄ፣ በቀኙ ደግሞ ከምንም ጋር ያልተነጻጸረ ጽሑፍ ይቀራል። ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ በፓይተን ዘንድ እውነት ነው። ግራው ሐሰት ቢሆንም ቀኙ አለ፤ ቅድመ ሁኔታው ሐሰት የሚሆንበት ቀን የለም።

መፍትሄው፦

ኢፍ መልስ == "አዎ" ኦር መልስ == "እሺ":

ወይም በአጭሩ (ኢን፣ in፣ «ከእነዚህ ውስጥ ካለ» ማለት ነው)፦

ኢፍ መልስ ኢን ("አዎ", "እሺ"):

አንድ ተማሪ ይህንኑ ስህተት የያዘ ፕሮግራም በእውነተኛ የደንበኞች መዝገብ ላይ ሞክሮ ባዶ ፋይል ይዞልኝ መጣ። ቅጂ አላስቀመጠም። ቀድሞ ሞክሬዋለሁ ይላል፤ የሞከረው ግን «አዎ» እያለ ብቻ ነበር! «አይ» ተብሎ ያልተሞከረ ቅድመ ሁኔታ አልተሞከረም። ሌላዋ ደግሞ ጥፋቱን ከኢፍ በታች ስትፈልግ ውላ ማጥፊያውን ክፍል ከሥሩ እንደገና ጻፈችው። ኢፏን አልነካቻትም።

ማስጠንቀቂያ፦ በቅንፉ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ ኮማ አትርሱ፦ ("አዎ",)። ያለ ኮማ ቅንፉ ከንቱ ነው፤ ኢን ፊደል በፊደል ይፈልግና «አ» ብቻ የጻፈውንም፣ ምንም ሳይጽፍ ኢንተርን የተጫነውንም ይቀበላል።

ፕሮግራሙ ጥያቄውን ያለማቋረጥ ከደጋገመ (ዋይል፣ while፣ ቅድመ ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ ይደጋግማል፤ != «እኩል አይደለም» ማለት ነው)፦

ዋይል መልስ != "አዎ" ኦር መልስ != "አይ":

አንድ መልስ ሁለቱንም ቃላት ሊሆን ስለማይችል ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ እውነት ነው። ኦርን በኤንድ (and፣ «እና») ተኩት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ከቁልፍ ሰሌዳ የገባ «ፎልስ» (False፣ ሐሰት) ጽሑፍ ስለሆነ እንደ እውነት ይቆጠራል። በኤንድ ፋንታ & መጻፍ ከማነጻጸሪያው በፊት ስለሚሰላ ውጤቱን ያበላሻል፤ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ኮድ ውስጥ ይበዛል። በዜሮ ማካፈል ካስፈራችሁ «ቁጥር != 0» የሚለው ከኤንድ በስተግራ ይቅደም፤ ግራው ሐሰት ከሆነ ቀኙ አይሰላም። በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ "ሰርዝ" እና "ሠርዝ" ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ከማነጻጸራችሁ በፊት ሠን ወደ ሰ ቀይሩ።