ጂንሰንግን በማር መዘፍዘፍ

ሴኡል ውስጥ ጄጊዶንግ በሚባለው ሰፈር ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የግዮንግዶንግ ገበያ ለቤቴ ቅርብ ስለሆነ ኮሪያውያን «ኢንሳም» የሚሉትን፣ ጂንሰንግ የተባለውን የመድኃኒት ሥር የምገዛው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ጠርሙሴ ግን ተበላሽቶብኛል። በአምስተኛው ቀን አረፋ ደፈቀና ጠጅ ጠጅ ሸተተኝ። ጠጅ ልጥል ቢሆን ኖሮ ጌሾ በፈለግሁ ነበር! ጥፋቱ ሥሩን አጥቤ ሳላደርቅ መክተቴ ነው።

ለማር የሚሆነው «ሱሳም» የተባለው እርጥቡ ሥር ነው። በእንፋሎት በስሎ የደረቀው ቀዩ «ሆንግሳም» ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዋጋውም አይቀመስም። እርጥቡ የሚሸጠው በ«ቼ» ነው፤ አንድ ቼ 750 ግራም ይመዝናል። ሻጮች ስድስት ዓመት ያደገውን ያሞግሳሉ፤ ለእኔ የአራት ዓመቱ ይበቃኛል። ጠንከር ያለውን፣ አፈሩ ያልተራገፈለትን ይምረጡ፤ ታጥቦ የተደረደረው ቶሎ ይበላሻል።

ቤት ሲደርሱ አፈሩ እስኪላቀቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ያቆዩትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንደ እግር በተከፈሉት ቅርንጫፎቹ መካከል ቀስ እያሉ ይጥረጉ። እንዳይልጡት። እኔ እንደ ካሮት ስልጠው ያዩኝ አከራዬ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሃልሞኒ (በኮሪያኛ «አያት» ማለት ነው)፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሳፖኒን» የሚባለው ተፈላጊው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው ቆዳውና ቀጫጭን ሥሮቹ ላይ ነው። ከላይ ያለችውን አንገት ግን ቆርጠው ይጣሉ፤ ሃልሞኒ ታቅለሸልሻለች ይላሉ።

አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሥሩን በንጹሕ ፎጣ አድርቀው፣ ሌላ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ሲነኩት እጅ የማያረጥብ እስኪሆን ይተዉት። እኔ ግማሽ ቀን እሰጠዋለሁ። ጠርሙሱም፣ ቢላዋውም፣ ማንኪያውም ደረቅ ይሁኑ። ከዚያ በስሱ ቆራርጠው ይክተቱና እስኪሸፍነው ወፍራም ማር ያፍስሱበት፤ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ። ከእርጥቡ ሥር ክብደት ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ፣ ማሩ ያንን እየሳበ ይቀጥናል። በማግስቱ ቁራጮቹ ሲንሳፈፉ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በማንኪያ ገልበጥ ማድረግ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። በሁለት ሳምንት ይደርሳል።

ጠዋት አንድ የሻይ ማንኪያ በሞቀ ውሃ ይበቃል። ማታ ጠጥቼ የመጀመሪያው ባቡር ሲያልፍ እስክሰማ ዓይኔ አልተከደነም። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አይሞክሩት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ጭራሽ አይሰጠውም።

ለመቁረጥ የማይመቹትን ቀጫጭን ሥሮች አልጥላቸውም። ሃልሞኒ «ሳምጌታንግ» ለሚሉት የዶሮ ሾርባቸው ይወስዷቸዋል፤ ሾርባው ሲደርስም የእኔን ድርሻ በሳህን ይልኩልኛል።