አሮጌ ኮምፒውተራችሁን ከመጣላችሁ በፊት ሊኑክስን በፍላሽ ሞክሩት

ማብሪያውን ተጭናችሁ፣ ሌላ ሥራ ሠርታችሁ ስትመለሱ ገና እየተነሳ ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ "አለቀለት" ይባላል። እኔ ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡበት እላለሁ። ዕቃው ደህና ሆኖ የተጫነበት ሶፍትዌር ከአቅሙ በላይ የሆነበት ማሽን ብዙ ነው። በዚያ ላይ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽኖችን አይቀበልም።

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው፤ ነፃም ነው። ከፍላሽ ላይ ስለሚነሳም ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ መሞከር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የማሽኑን ራም፣ ማለትም ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ እዩ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ስትገቡ ታገኙታላችሁ። የፕሮሰሰሩ ዓይነት 32 ቢት ይሁን 64 ቢትም እዚያው ተጽፏል። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ስላለው በዚህ ትመርጣላችሁ። 4 ጊጋባይት ካለው ሊኑክስ ሚንትን፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ቅጂ፣ ውሰዱ። 2 ከሆነ ሉቡንቱ ይሻላል። ከዚያ በታች ከሆነ ወይም ማሽኑ 32 ቢት ከሆነ አንቲኤክስ 23ን ሞክሩ።

የመረጣችሁትን ሊኑክስ የአይኤስኦ ፋይል (ሲስተሙን ሙሉ የያዘ አንድ ፋይል) ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም መጻፍ አለበት። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ልብ በሉ፣ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል! ፎቶ ካለበት አስቀድማችሁ አውጡ።

አሁን ዊንዶውስን ዝጉት፤ ስትዘጉት ግን የሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ይሁን። ያለዚያ ዊንዶውስ በከፊል ብቻ ሊዘጋ ይችላል፤ ሊኑክስም ዲስኩ ላይ ያሉትን ፋይሎች ከማሳየት አልፎ እንድትቀይሯቸው ላይፈቅድ ይችላል። ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩት የቡት ሜኑውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከምን ላይ እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር፣ የሚከፍተውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ወይም ኢስኬፕ ነው። ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ምረጡ። "ኢንስቶል" የሚለውን ለጊዜው ተዉት።

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። በአንድ ሰዓት አትፍረዱ፤ ሁለት ሦስት ቀን ሥሩበት። ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ አለው? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ይነቃል? ብሮድኮም የሚባለው ኩባንያ የዋይፋይ ካርድ ያላቸው ላፕቶፖች ዋይፋይ ወዲያው ላይሠራላቸው ይችላል። ያኔ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ኢንተርኔቱን አጋሩትና ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አውርዱ። ፕሮግራም ለመክፈት ቢዘገይ አትደንግጡ፣ ፍላሽ ከሃርድ ዲስክ ይዘገያል። ከሁሉ በላይ የሚከብደው ብሮውዘሩ ነው። ሲስተሙ ራሱ ቀላል ቢሆንም ጥቂት ከባድ ገጾች አንድ ላይ ሲከፈቱ 2 ጊጋባይት ራም ይሞላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትጠቀሙባቸውን ገጾች ከፍታችሁ ፈትኑት። የጻፋችሁትን ነገር ደግሞ ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ከወደዳችሁት ፋይሎቻችሁን ባክአፕ አድርጉና ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ክፈቱ። "ኢሬዝ ዲስክ" የሚለው ምርጫ ዊንዶውስንም ፋይሎቻችሁንም ጠርጎ ያጠፋል፤ ባክአፑ መከፈቱን ሳታረጋግጡ አትንኩት። ካልወደዳችሁት ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ፍላሹን ንቀሉ። ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ይነሳል።