የጥላቻ ወንጀል ረቂቅ ሕግን በፓርላማ ውስጥ ከመነሻው እስከ ተፈጻሚነቱ እንዴት መከታተል ይቻላል

የጥላቻ ወንጀልን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀረበ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚጠብቀው የመጨረሻውን ድምፅ አሰጣጥ ነው። ሆኖም ሕጉ ጥቃት ለደረሰበት ሰው የሚሰጠው ከለላና በአጥፊው ላይ የሚያስከትለው ቅጣት በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ ቀን አስቀድሞ፣ ረቂቁ በቋሚ ኮሚቴ ሲታይ አንድ ቃል ወጥቶ ሌላ በሚተካበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በሂደቱ ላይ ትርጉም ያለው አስተያየት ለመስጠት የሚፈልግ ሰው ከዜና ይልቅ ጽሑፉን መከተል አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ረቂቁን ራሱን ያግኙ። አብዛኞቹ ፓርላማዎች ረቂቅ ሕጎችን በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ ከረቂቁ ጋር አብሮ የሚቀርበውን ሐተታ ዘምክንያትም አብረው ይያዙ፤ አርቃቂው ክፍል ሊፈታው ያሰበውን ችግር የሚገልጸው እዚያ ነውና። የመጀመሪያውን ቅጂ ከነመለያ ቁጥሩና ከነቀኑ ያስቀምጡ። ኮሚቴው የተሻሻለ ቅጂ ሲያወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አንቀጽ በአንቀጽ ካላነበቡ፣ ምን እንደተቀነሰና ምን እንደተጨመረ ከማንም መግለጫ በእርግጠኝነት ሊያውቁ አይችሉም።

ንባቡን ከትርጓሜው ክፍል ይጀምሩ፤ ቀዳሚው ጥያቄም ረቂቁ የሚናገረው ስለ ጥላቻ ወንጀል ነው ወይስ ስለ ጥላቻ ንግግር የሚለው ይሁን። የጥላቻ ወንጀል ማለት ቀድሞውንም ወንጀል የሆነ ድርጊት፣ ለምሳሌ ድብደባ፣ ቃጠሎ ወይም ንብረት ማውደም፣ ተጠቂው የአንድ ዘር፣ ሃይማኖት ወይም ሌላ ጥበቃ የሚደረግለት ቡድን አባል በመሆኑ ምክንያት ሲፈጸም ነው። የጥላቻ ንግግር ድንጋጌ ግን ንግግሩን ራሱን ወንጀል ያደርጋል፤ በዚህም ምክንያት ሐሳብን በነፃነት ከመግለጽ መብት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ሁለቱ በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሲታሸጉ ክርክሩ ሁሉ ወደ ንግግሩ ያጋድልና የድብደባው ሰለባ ይዘነጋል።

የአየርላንድ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ2022 የቀረበው ረቂቅ በ1989 የወጣውን ጥላቻን ስለ ማነሳሳት የሚደነግገውን ሕግ የሚተካ ክፍልና በጥላቻ በተፈጸሙ ወንጀሎች ላይ ቅጣት የሚያከብድ ክፍል አንድ ላይ ይዞ ነበር። በሚያዝያ 2023 የታችኛው ምክር ቤት በ110 ድጋፍና በ14 ተቃውሞ አሳለፈው። ረቂቁ ወደ ላይኛው ምክር ቤት ከተሻገረ በኋላ ግን ተቃውሞው በረታ፤ በመስከረም 2024 የፍትሕ ሚኒስትሯ ጥላቻን ስለ ማነሳሳት የሚደነግገው ክፍል እንዲወጣ መወሰኑን አስታወቁ። የቀረው የቅጣት ማክበጃ ክፍል በጥቅምት ወር ጸድቆ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 31 ሥራ ላይ ዋለ። የ110ን ድምፅ ዜና ብቻ የያዘ ሰው በመጨረሻ ስለ ጸደቀው ሕግ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ይሆናል።

ከትርጓሜው ቀጥሎ የሚፈተሸው ጥላቻው በፍርድ ቤት የሚረጋገጥበት መስፈርት ነው፤ በእኔ አመለካከት የረቂቁ ልብ ይህ ነው። አንዳንድ ረቂቆች ዐቃቤ ሕግ የተከሳሹን ውስጣዊ መነሻ እንዲያስረዳ ይጠይቃሉ፤ ይህም ተከሳሹ በልቡ ያሰበውን ማረጋገጥ ስለሚሆን ከባድ ነው። ሌሎች ደግሞ ከውስጣዊ መነሻው በተጨማሪ ተከሳሹ በድርጊቱ ጊዜ ጥላቻን በግልጽ ማሳየቱን እንደ አማራጭ ይቀበላሉ። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ1998ቱ ሕግ አንቀጽ 28 ለምሳሌ፣ ተከሳሹ ወንጀሉን ሲፈጽም ወይም ከመፈጸሙ ወዲያው በፊት አለዚያም ወዲያው በኋላ ጥላቻ ካሳየ፣ ወይም የወንጀሉ መነሻ በሙሉም ሆነ በከፊል ጥላቻ ከሆነ በቂ ነው ይላል። “በከፊል” የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ፤ ከረቂቅ ላይ ብትወጣ ተከሳሹ “ጠባችን በገንዘብም ነበር” ብሎ ሊያመልጥ የሚችልበት በር ይከፈታል። ይህንኑ ሕግ ስናይ የመስፈርቱ ክብደት በቅጣቱ ላይም ይታያል፤ ሕጉ ሲወጣ ለቀላል ጥቃት እስከ 6 ወር የነበረው እስራት በዘር ጥላቻ ሲፈጸም እስከ 2 ዓመት እንዲደርስ ተደርጓል።

ጥበቃ የሚደረግላቸው ቡድኖች ዝርዝርም ይታይ። ዝርዝሩ ዝግ ነው ወይስ “እነዚህንና የመሳሰሉትን” ይላል? ከላይ የጠቀስነው የ1998ቱ ሕግ ሲጀመር ዘርን ብቻ ነበር የሚጠቅሰው፤ ሃይማኖት የተጨመረው በ2001 በወጣ ሌላ ሕግ ነው። ዝግ ዝርዝር የቀረበት ሰው ሌላ አዋጅ እስኪወጣ ይጠብቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሂደቱ እንምጣ። የመጀመሪያው ንባብ በብዙ ፓርላማዎች ረቂቁ ቀረበ ከማለት ያለፈ አይደለም። ሁለተኛው ንባብ አባላት ስለ መርሁ የሚከራከሩበት ሲሆን፣ ከሕዝብ አስተያየት ጋር በተያያዘ ወሳኙ ምዕራፍ ረቂቁ ለዝርዝር እይታ ወደ ቋሚ ኮሚቴ የሚመራበት ነው። ኮሚቴው አስተያየት የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀን ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። የሚልኩት ጽሑፍ “ሕጉን እደግፋለሁ” ወይም “እቃወማለሁ” ከሚል ይልቅ አንቀጹን በቁጥር ጠቅሶ፣ ጉድለቱን አስረድቶ፣ ምትክ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ አርቅቆ ቢያቀርብ ይሻላል፤ ለኮሚቴው ባለሙያ ሥራውን የሚያቀልለት እንደዚህ ያለው አስተያየት ነውና።

እንዲህ ያለ ተሳትፎ ውጤት እንደሚያመጣ ስኮትላንድ ምስክር ናት። በ2020 የቀረበው ረቂቅ፣ ተናጋሪው ጥላቻ ለመቀስቀስ ባያስብም ንግግሩ ጥላቻ ሊቀሰቅስ የሚችል ከሆነ ሊያስጠይቅ ይችል ነበር። ከሕግ ባለሙያዎች፣ ከጸሐፍትና ከሃይማኖት ተቋማት ጠንካራ ትችት ከቀረበ በኋላ፣ ከዘር ውጭ ባሉት ቡድኖች ረገድ ዐቃቤ ሕግ የተከሳሹን ሐሳብ እንዲያረጋግጥ ተደርጎ ተሻሻለ። በመጋቢት 2021 በ82 ድጋፍ፣ በ32 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ።

ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች ያሉት ከሆነ የሁለተኛውን የሥነ ሥርዓት ደንብ ሳያነቡ ድል ወይም ሽንፈት አይወጁ። በጣሊያን ጾታን፣ የጾታ ዝንባሌን፣ የጾታ ማንነትንና አካል ጉዳተኝነትን መነሻ ላደረጉ የጥላቻ ወንጀሎች ጥበቃ የሚሰጠው ረቂቅ፣ በኅዳር 2020 በታችኛው ምክር ቤት በ265 ለ193 አልፎ ነበር። በጥቅምት 2021 ግን የላይኛው ምክር ቤት ወደ አንቀጾቹ ውይይት እንዳይገባ በቀረበ ሐሳብ ላይ በምስጢር ድምፅ ሰጠና በ154 ለ131 ረቂቁን አስቀረው። አንድም አንቀጽ በድምፅ አልተለየም። ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠም በመዝገብ አይገኝም፤ መራጩ ሕዝብ ወኪሉን የሚጠይቅበትን መንገድ ያሳጣው ይህ ነው።

የፓርላማው የሥራ ዘመን የሚያበቃበት ቀንም ረቂቁን ሊጥለው ይችላል። የደቡብ አፍሪካው ረቂቅ በ2018 ቀርቦ በ2019 የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃ ወደቀ፤ በተከታዩ ምክር ቤት ዳግም ተነሥቶ በመጋቢት 2023 በታችኛው ምክር ቤት አለፈና ፕሬዚዳንቱ በግንቦት 2024 ፈረሙበት። በአሜሪካ ደግሞ ሰውን በደቦ መግደልን የፌዴራል ወንጀል ለማድረግ የመጀመሪያው ረቂቅ የቀረበው በ1900 ሲሆን፣ ሕጉ የተፈረመው በመጋቢት 2022 ነው። ረቂቁ በራሱ ስም የማይጓዝበት ጊዜም አለ፤ በ2009 የወጣው የአሜሪካ የጥላቻ ወንጀሎች ሕግ የጸደቀው ከዓመታዊው የመከላከያ ሕግ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ፍለጋዎን በረቂቁ ርዕስ ብቻ አይወስኑ፤ ቁልፍ ቃላቱን በሌሎች ረቂቆች ውስጥም ይፈልጉ።

ፊርማው ከተቀመጠ በኋላ ሕጉ የሚጸናበትን ጊዜ የሚገልጸውን የመጨረሻ አንቀጽ ያንብቡ። የስኮትላንዱ ሕግ በ2021 ጸድቆ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን 2024 ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ደግሞ የሚጸናበትን ቀን የሚወስኑት ፕሬዚዳንቱ በሚያወጡት አዋጅ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ የሚመለከተውን ሚኒስቴር በጽሑፍ ሊጠይቁ የሚገባዎት ሦስት ነገር አለ፤ ቀኑ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ሥልጠና ምን እንደተዘጋጀ፣ የጥላቻ መነሻ ያላቸው አቤቱታዎች በምን ዓይነት ቅጽ ተለይተው እንደሚመዘገቡ። መልሱን ከረቂቁ ቅጂዎች ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ የምክር ቤት አባልዎ ለመንግሥት ጥያቄ በሚያቀርቡበት ጊዜ የሚፈልጉት ማስረጃ ያ ነው።