የጓሮ ዶሮ ቤት ችግርና መፍትሄ፦ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያውን እዩ

ይህ ከ10 እስከ 50 ዶሮ በጓሮው ለሚያረባ ሰው የተጻፈ ነው። ዶሮዎቹ መከተባቸው፣ መኖና ውሃ በየቀኑ ማግኘታቸው የታወቀ ነው ብለን እንነሳለን። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር 1900 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የአየሩ ልዩነት ግን ትልቅ ነው። ሐረር ላይ ጥሩ የሆነ ዶሮ ቤት ድሬዳዋ ላይ ይገድላል፤ የድሬዳዋው ክፍት ቤት ደግሞ ሐረር ላይ ለጅብና ለሌሊት ብርድ ይዳርጋል። የአንዱን ከተማ ንድፍ ለሌላው የሚገለብጥ አናጢ አትቅጠሩ።

ከቀትር በኋላ የሚሞት ዶሮ (ድሬዳዋ)

ምልክቱ እንዲህ ነው። ጠዋት ሁሉም ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይጭራሉ። ከ7 ሰዓት ጀምሮ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ክንፋቸውን ከገላቸው ያርቃሉ፣ አፈሩን ቆፍረው ደረታቸውን መሬት ላይ ይለጥፋሉ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዷ ወደቀች ይባላል። የምትሞተውም ከሲታዋ ሳትሆን ወፍራሟ፣ በደንብ የምትጥለዋ ናት። በማግስቱ ጠዋት የተረፉት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መኖ ላይ ይራኮታሉ።

ባለቤቱ ፈንግል (ተላላፊው የዶሮ በሽታ) ገባ ብሎ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ጎረቤቱን በመርዝ ይጠረጥራል። ከዚያ መድኃኒት ቤት ሄዶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይገዛና መጠጫ ውሃው ውስጥ ይበጠብጠዋል። ጣዕሙ የተለወጠውን ውሃ ዶሮዎቹ ይሸሹታል፤ በሙቀት የተያዘች ዶሮ ደግሞ ከምንም በላይ የሚያስፈልጋት ውሃ ነው። በማግስቱ የሚሞተው ቁጥር ሲጨምር መድኃኒቱ አነሰ ተብሎ መጠኑ ይጨመራል። ግንቦትና ሰኔ በመጡ ቁጥር ይህ ይደገማል፤ ገንዘቡም ዶሮውም አብረው ይሄዳሉ።

ፈንግል ሰዓት አይመርጥም። ሌሊትም ጠዋትም ይገድላል፣ ጫጩትና አውራ አይለይም፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የእግርና የክንፍ ሽባነት ያሳያል። እነዚህን ካያችሁ ማንበቡን ትታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፤ የቀሩትን ዶሮዎችም ገበያ አታውጡ። ሞቱ ከቀትር በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ከራሳችሁ በላይ ያለው ቆርቆሮ ነው።

ለማረጋገጥ በ8 ሰዓት ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ለእናንተ የከበደ አየር ላብ ለሌላት ዶሮ ይባስ ይከብዳል፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ቴርሞሜትር ካላችሁ በቆጡ ቁመት ስቀሉት። 30 ዲግሪ አካባቢ ማለክለክ ይጀምራል፤ 38 ከደረሰ ዶሮዎቹ አደጋ ላይ ናቸው።

ከድሬዳዋ ሰፈሮች ሳቢያንም ሂዱ ገንደ ቆሬ፣ የሚገድለው ቤት አሠራሩ አንድ ነው። የግቢው ጥግ ላይ ይለጠፋል፤ ሁለቱ ግድግዳ የአጥሩ ብሎኬት፣ ሦስተኛው ቆርቆሮ ነው፤ አንዲት ትንሽ መስኮት በሰው ወገብ ቁመት ትከፈትለታለች፤ ጣሪያው ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ መውጫ ስለሌለው ቆርቆሮው ሥር ተጠራቅሞ እስከ ቆጡ ድረስ ይወርዳል። የምዕራቡ ብሎኬት የከሰዓቱን ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ሌሊቱን ሙሉ ይተፋዋል። መስኮቱን ማስፋት የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል፤ ላይ መውጫ እስካልተከፈተ ድረስ ግን ብዙም አይረዳም።

ጥገናው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ርካሹና ብዙ የሚለውጠው ቀድሞ ነው።

አንደኛ፣ ከፍ ባለው የጣሪያ ጎን፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ክፈቱና በሽቦ ሸፍኑት። ዝናብ እንዳያስገባ ቆርቆሮው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። ይህን ብቻ አድርገው ሞቱ የቆመላቸው ቤቶች አሉ።

ሁለተኛ፣ ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ብቻ አስቀርታችሁ ከዚያ በላይ በሽቦ ተኩ። አዲስ የምትሠሩ ከሆነ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፤ አጭሩ ጎን ፀሐይ መውጫና መግቢያን ይይ። ዝቅተኛው የጣሪያ ጎን 2 ሜትር፣ ከፍተኛው 2 ሜትር ከ70 ይሁን፤ ከቆጡ እስከ ቆርቆሮው ቢያንስ 1 ሜትር ይኑር። አሮጌው ቤት ወደ ምዕራብ ዞሮ ከሆነ ሰሌን ወይም ጆንያ ከግድግዳው 1 ሜትር አርቃችሁ ትከሉ። ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ የተለጠፈ ሰሌን ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያሳልፋል።

ሦስተኛ፣ ቆርቆሮውን አጥሉት። የማሽላ አገዳ በሐረርጌ የማይገኝበት ቦታ የለም። ቆርቆሮው ላይ ቀጫጭን እንጨቶች አጋድሙ፤ አገዳውን በላያቸው በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፋችሁ በሽቦ እሰሩ። እንጨቶቹ የሚያስፈልጉት በአገዳውና በቆርቆሮው መካከል ንፋስ እንዲያልፍ ነው። አገዳው በየዓመቱ ይለወጥ፤ አለበለዚያ የአይጥ ሰፈር ይሆናል። ከሰል የምታቀጣጥሉበት ቦታ ቅርብ ከሆነ ይህን ትታችሁ ኖራ ቀቡ፦ 10 ኪሎ ኖራ፣ 20 ሊትር ውሃ፣ 1 ሊትር ነጭ ኮላ። ቀቢው ጓንት ያድርግ፣ ዓይኑን ይጠብቅ፤ ኖራ ዓይን ያጠፋል። ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ ግንቦት ሳይገባ ይደገም። ስስ ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ገዝታችሁ ከሆነ ላዩ ላይ አትውጡበት፤ ባለ ጎማ ቆብ ሚስማር ካልተመታበትም መጀመሪያ የሚመጣው ንፋስ ያነሳዋል።

አራተኛ፣ ውሃ። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በሞቃት ቀን ግማሽ ሊትር ትጠጣለች፤ ለ30 ዶሮ 15 ሊትር ማለት ነው። አንድ መጠጫ አይበቃም፤ ጉልበተኞቹ ይይዙታልና ሁለት ወይም ሦስት በተለያየ ጥግ አስቀምጡ። ጣሪያ ላይ ካለው ጥቁር ሮቶ በቀጥታ የሚመጣው የቀትር ውሃ ትኩስ ነው፤ ዶሮ አትጠጣውም። ጠዋት ቀድታችሁ ጥላ ውስጥ በሸክላ ዕቃ አስቀምጡ፤ ሸክላው እያላበ ያቀዘቅዘዋል። 5 ሰዓትና 8 ሰዓት ላይ ቀይሩት።

አምስተኛ፣ መኖውን ከ4 ሰዓት በፊት አንሱና 10 ሰዓት ላይ መልሱ። መኖ ሲፈጭ ገላ ያሞቃል፤ ረፋድ ላይ የተበላው ሙቀቱን የሚሰጠው ልክ በክፉው ሰዓት ነው። ለመተካት ጎሕ ሲቀድ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስጡ።

ብዛትም አለ፦ ድሬዳዋ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ በላይ አታስገቡ።

አንዷ ልትወድቅ ከሆነች ወደ ጥላ አውጥታችሁ እግሮቿንና ራሷን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፤ ለመያዝ ግን አታሯሯጡ፣ ሩጫው ራሱ ይገድላል። በዝግ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ውሃ አትርጩ! እርጥበቱ አየሩን ሞልቶ ማለክለክን ከንቱ ያደርገዋል። እርጥብ ጆንያ በክፍት ሽቦው ላይ በንፋሱ በኩል መስቀል ግን ደረቅ አየር ባለው ድሬዳዋ በደንብ ይሠራል።

ቅርፊቱ ስስ ወይም ለስላሳ የሆነ እንቁላል

በሙቀት ወራት ከመጣ የላይኛው ችግር ቅርንጫፍ ነው። ዶሮ አብዝታ ስታለከልክ ቅርፊቱን ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር ከደሟ ይጎድላል፤ መኖም ትቀንሳለች። ጥላውን አስተካክሉ፤ ከዚያ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በተለየ ዕቃ ከሰዓት በኋላ አቅርቡ፣ ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ነውና። ሕንጻ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ አትስጡ፤ አፋቸውንና ጉሮሯቸውን ያቃጥላል።

ማታ ቤት አልገባም የሚሉ፣ ዛፍ ላይ የሚያድሩ

ግትርነት አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሚበላቸው አለ። ቅንቅንና የዶሮ መዥገር ቀን በእንጨት ስንጥቅ ተደብቀው ሌሊት ደም ይጠጣሉ። በሌሊት ባትሪ ይዛችሁ የቆጡን ጫፍና ሥሩን እዩ። ቆጡን ነቅላችሁ በፈላ ውሃ እጠቡ፤ ጫፎቹን በነጭ ጋዝ አብሱና ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አውሉት። የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ ድፈኑ፤ ለመታጠቢያ አመድና ደረቅ አፈር በሳጥን አስቀምጡ። ቅርፊቱ ያልተላጠ ባሕር ዛፍ ለቆጥ የሚያደርግ ሰው ለመዥገር ቤት እየሠራ ነው። የጫት መርጫ መድኃኒት ዶሮ ላይ መርጨት በፍጹም አይሆንም፤ እንቁላሉን ልጆቻችሁ ይበሉታል።

ዓይን የሚያቃጥል ሽታ

ጉዝጓዙ ረጥቧል። አብዛኛውን ጊዜ መጠጫው ያፈሳል ወይም ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ዶሮዋ ጀርባ ቁመት ከፍ አድርጉት። የረጠበውን አውጥታችሁ በ8 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ገለባ ተኩ። ገራባ (የጫት ተራፊ) ጉዝጓዝ አይደለም፤ ውሃ ይዞ ይሻግታል፣ የተረጨበት መድኃኒትም ይኖርበታል። ኩሱ ውስጥ ደም ካለ ኮክሲዲዮሲስን (የአንጀት በሽታ ነው) ጠርጥሩ።

ሌሊት የሚጠፋ ዶሮ (በተለይ ሐረር)

ጅብ ጀጎል ግንብ ውስጥ ሳይቀር ሌሊት ይዞራል፤ የላላ በር ገፍቶ ይገባል። ብዙዎቹ ሞተው ጥቂት ብቻ ከተበሉ ሸለምጥማጥን ጠርጥሩ። ገበያ ላይ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ስስ ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ ዶሮን ከመውጣት ያግዳል እንጂ አውሬን ከመግባት አያግድም። ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በብየዳ የተያያዘ ወፍራም ሽቦ ግዙ። ዳሩን በታጠፈ ሚስማር ሳይሆን ጣውላ ደርባችሁ በብሎን እሰሩ። ከሥር 40 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ መሠረት ይኑር፤ በሩ ላይኛውና ታችኛው ጫፉ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ ያስፈልገዋል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

እንቁላሏን የምትበላ፦ የመጣያ ሳጥኑን (30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ለ5 ዶሮ አንድ) አጨልሙት፤ እንቁላሉን በቀን ሁለቴ ሰብስቡ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚያድሩ፦ ቆጡ ከሳጥኑ ዝቅ ብሏል፤ ከፍ አድርጉት፣ ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስጧት።

ቤቱ ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነ፦ አዛውሩት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ የሰው ቤት ጠርጓል።

ሐረር ላይ ሌሊት ተቆልለው የሚሞቱ ጫጩቶች፦ ብርድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል። መብራት ሲጠፋ በዝግ ክፍል የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ አትተኙ፤ ጭሱ ባይታይም ጫጩቱንም ጠባቂውንም ይገድላል። ጫጩቶቹን ጥብብ ባለ ካርቶን ውስጥ አስገቡ፤ በፈላ ውሃ የተሞላ ጄሪካን በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃላቸው አስቀምጡ፤ አናቱን ለአየር ክፍት ተዉት፤ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ቀይሩት።